ስለ በርሜሉ የተጻጻፍነው

ጥቅምት 4

ለወንድሜ ልጅ፣ ለማትወፍረው ጭራሮዬ፤

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጤና፣ ሙቅ ቤትና የጠገበ ሆድ ይዘሽ ያግኝሽ። እኛ ደህና ነን። እትዬም ጉልበቴን ከማለቷ በቀር ደህና ናት፤ ጉልበቷ ደግሞ ሥራ ሳዛት ብቻ ነው የሚያማት።

«ጋሼ ለምን ስልክ አያነሱም» ማለትሽን ሰምቻለሁ። ስልክ ላይ ሰው ሁሉ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብሎ ይዘጋል። ወረቀት ላይ ግን ሰው ቢዋሽ እንኳ ቀስ ብሎ ስለሚዋሽ ይታወቅበታል።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ቢራው ነው። አባትሽ ካረፈ ሁለት ዓመት አለፈው፤ ቢራውን ግን አላቆምኩም። ድሮ እኔ ብቅሉን እቀቅላለሁ፣ እርሾውን እጨምራለሁ፣ ጥንስሱን እጠብቃለሁ፤ ወደ ጠርሙስ የመገልበጡ ሥራ የእሱ ነበር። በየጠርሙሱ አንዳንድ ትንሽ ማንኪያ ስኳር ይጨምራል፤ ጠርሙሱ ውስጥ ጋዝ የሚሆነው ያ ስኳር ነው። ከዚያ ቆርኪውን ጠብቆ እንዲይዝ ይመታና፣ ከሚሠራበት ማተሚያ ቤት በተረፈ ወረቀት ላይ የሚጠጣውን ሰው ስም አትሞ ይለጥፍበታል። አሁን ሁለቱም ሥራ የእኔ ሆኗል።

ባለፈው ሐሙስ ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳልኩ ዕቃ ቤት ውስጥ ተኩስ ተከፈተ። እትዬ «ጎማ ፈነዳ!» ብላ ጮኸች። ሠላሳ አራት ዓመት ከአውቶቡስ ፍሬን ሠሪ ጋር የኖረች ሴት ሌላ ምን ትበል! ከስልሳው ጠርሙስ አሥራ አንዱ ፈንድቷል። ግድግዳው ቢራ፣ ጣሪያው ቢራ፣ የእትዬ ሽንኩርት ሁሉ ቢራ። ሙቀቱ ነው። ሰሞኑን ዕቃ ቤቱ ሞቆ ነበር።

ስለዚህ እኔና ጠርሙስ ተፋተናል። ቁርጥራጭ ብረት የሚሸጠው ሰው ዘንድ ሁለት የማይዝግ ብረት በርሜል አገኘሁ፤ የተዘጋ የለስላሳ ፋብሪካ ሽሮፕ ያስቀምጥባቸው የነበሩ፣ ቀጠን ብለው ዘለግ ያሉ። ቢራውን አንዴ ገልብጦ፣ ከሲሊንደር ጋዝ ሰጥቶ፣ በቧንቧ መቅዳት ብቻ ነው። ድራፍት በቤቴ! የጎደለኝ የክዳናቸው ጎማ ነው፤ የነበረው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እዚህ ደግሞ ስሙን የሚያውቅ ሰው የለም። የመጨረሻ ዓመትሽ ስለሆነ ጊዜ እንደሌለሽ አላጣሁትም፤ ሲመችሽ ብቻ ሰው ጠይቂልኝ።

ምርቃትሽ መቼ ነው? እትዬ ቀሚስ ልታሰፋ ነው። «የመድኃኒት ቀማሚዋ አክስት ተራ ነገር ለብሳ ፎቶ አትነሳም» ብላለች።

ክፉ አይንካሽ።
ጋሼሽ

ኅዳር 9

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ጋሼ፣ ለእትዬም፤

ዕድሜውንም ጤናውንም አብዝቶ ይስጥልኝ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ሁለት ኪሎ ጨምሬያለሁ፤ ስለዚህ ስሜ ቢታሰብበት ጥሩ ነው።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ ሳቅሁ፤ በሦስተኛው ተናደድኩ። እንዴት ከጠርሙስ ይፋታሉ? ልጅ ሆኜ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠርሙሶቹን አንገታቸውን ይዤ በየደረጃው የምወጣው እኔ ነበርኩ። ሰው በሩን ከፍቶ ስሙን ወረቀቱ ላይ ሲያነብ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ያየሁት እኔ ነኝ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊ ስሟን ያነበበችበትን ወረቀት ሁሉ ልጣ መስተዋቷ ላይ ትለጥፍ ነበር። በርሜል ላይ የማን ስም ይለጠፋል?

ደግሞ ሙቀት ያሉት አልገባኝም። ስልሳውም ያሉት አንድ ክፍል ውስጥ አይደል? አሥራ አንዱ ብቻ ከፈነዳ፣ አንዱ ጠርሙስ ከሌላው የበለጠ ስኳር ገብቶበታል ማለት ነው። እንደ አባዬ በማንኪያ ለየብቻ ከመጨመር፣ ስኳሩን በፈላ ውኃ አሟምተው ከጠቅላላው ቢራ ጋር ቢቀላቅሉት እኩል ይዳረሳል። ይህን ያድርጉና ጠርሙሱን ይማሩት።

እምቢ ካሉ ግን የክዳኑ ጎማ ብቻ አይበቃም። ክዳኑ ክብ ይመስላል እንጂ ሞላላ ነው፤ ስለዚህ ቁመቱንም ወርዱንም ለክተው ይላኩልኝ። ጋዙ የሚገባበትና ቢራው የሚወጣበት ሁለቱ አንገቶችም የየራሳቸው ትንንሽ ጎማ አላቸው። ሁሉም መቀየር አለበት፤ አሮጌው ጎማ የሽሮፕ ሽታ ስለማይለቅ ቢራዎ የብርቱካን ከረሜላ ይሆናል። የፍሬን ጎማ ቆርጠው እንዳይገጥሙበት ብቻ፤ አስበውታል፣ አውቅዎታለሁ። ይህን ሁሉ አንድ ጓደኛዬ ነው የነገረኝ።

የምርቃቱ ቀን ገና አልተቆረጠም። እትዬ ለቀሚሱ አይቸኩሉ።

እጅዎን ስሜያለሁ።
የወንድምዎ ልጅ

ታኅሣሥ 1

ለሁለት ኪሎዋ ጭራሮዬ፤

ሰላምታዬ ከነሙሉ ክብሩ ይድረስሽ። መነጽሬ ስለተሰበረ የምትጽፍልሽ እትዬ ናት። ቃሉ ግን የእኔ ነው። (አብዛኛው።)

ልኬቱን ለብቻው ወረቀት ላይ አድርጌልሻለሁ። አሁን ስለ ጠርሙሱ ልመልስልሽ። ስልሳ ጠርሙስ ማለት ስልሳ ጊዜ በብሩሽ ማሸት፣ ስልሳ ጊዜ ማለቅለቅ፣ ስልሳ ቆርኪ መምታት ነው። (የሚያሸውም የሚያለቀልቀውም እሱ እንዳይመስልሽ።) ከታች ደግሞ አተላ ይተኛል፤ ሰው ጠርሙሱን ዘቅዝቆ ይቀዳና «ቢራህ ደፍርሷል» ይለኛል። በርሜል አንድ ነው፣ ይታጠባል፣ አለቀ።

ግን ይህ ዋናው አይደለም። አባትሽ ካለፈ ወዲህ ይህን ቤት ያየሽው እንደሆነ አታውቂውም። ጠርሙስ ሰው ተቀብሎ የሚሄድበት ነገር ነው። በር ላይ «እግዜር ይስጥልን» ይላል፣ ብብቱ ሥር ይሸጉጠዋል፣ ይሄዳል። ድሮስ ወንድሜ ይከተላቸውና ወሬ ያወራቸው ነበር፤ እኔ ደግሞ የሱ አፍ የለኝም። በርሜል ግን ማንም ብብቱ ሥር ሸጉጦ አይሄድም። የፈለገ መጥቶ፣ ወንበር ስቦ፣ እስኪቀዳለት መጠበቅ አለበት። (ይህንን ሲል ድምፁ ተቀየረ። እኔ ነኝ የጻፍኩት።)

አሁን ደግሞ ተራው የእኔ ነው። ያ ጓደኛሽ ማነው? ሠላሳ ዓመት ከጎማና ከአየር ግፊት ጋር የኖርኩት ሰውዬ ክዳኑ ሞላላ መሆኑን ያወቅሁት ለክቼው ነው። መድኃኒት ቅመማ የሚማር ልጅ ይህን ከየት አመጣው? እጁ እዚያ ውስጥ ያልገባ ሰው አያውቀውም።

ልጄ፣ ድስቱ ሊገነፍል ነው ብሎ ተነስቶ ሄደ፤ ቶሎ ቶሎ ልጻፍልሽ። መነጽሩ አልተሰበረም፤ አፍንጫው ላይ ነው ያለው። እጁ ነው። ቀኙ ይንቀጠቀጣል፤ ዓመት ሊሞላው ነው። ማንኪያውን ሲይዝ ስኳሩ ይፈሳል፣ መልሶ ይጨምራል፣ የቱ ጠርሙስ ሁለት ጊዜ እንደገባበት አያውቅም። ሲፈነዳ ሮጦ ገብቶ ክንዱ ላይ ሦስት ቦታ ተሰፋ። ሐኪም ዘንድ ለእጁ ሂድ ብለው «ምን ሊለኝ እንደሆነ አውቃለሁ» ይላል። ጋራዥ ጓደኞቹ ጋ መሄድ አቆመ፤ ሰው ፊት ብርጭቆ አያነሳም። እኔ እንደነገርኩሽ አታስመስዪ። መጣ።

ደህና ሁኚ ብሏል። እኔም ብያለሁ።
ጋሼሽ (በእትዬ እጅ)

ጥር 12

ጭራሮዬ፤

ዝም አልሽ። ስለ ጓደኛሽ የጠየቅሁት ከሆነ ያስቀየመሽ፣ እንዳልጠየቅሁ ቁጠሪው። ጎማውንም ተዪው። «ደህና ነኝ» ብቻ ብለሽ ላኪ።

ጋሼሽ (አሁንም በእትዬ እጅ፤ መነጽር ሠሪው አዘገየብኝ ይላል)

ጥር 27

ለጋሼና ለእትዬ፤

በያላችሁበት ሰላም ይብዛላችሁ። ደህና ነኝ። በመዘግየቴ ይቅርታ አድርጉልኝ። አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀደድኩት። ጎማዎቹ ከዚህ ጋር ባለው ጥቅል ውስጥ ናቸው፤ ለሁለቱም በርሜል የሚበቃ፣ ከመለዋወጫ ጋር።

ጋሼ፣ ጓደኛ የለም። እጁ እዚያ ውስጥ የገባው ሰው እኔ ነኝ።

አባዬ ያረፈው በፈተናዬ ሳምንት ነበር። የመኖሪያ ፈቃዴ ለእድሳት ገብቶ ስለነበር ከወጣሁ መመለስ አልችልም ነበር። አልመጣሁም። ከክፍሌም አልወጣሁም፤ ፈተናውም አለፈኝ። ትምህርት ቤቱ «በሚቀጥለው ዓመት ድገሚ» አለኝ፤ እኔ ግን አባዬ «ልጄ መድኃኒት ቀማሚ» እያለ በየማሽኑ መሐል ሲዞር እየታየኝ ያንን በር ማለፍ አቃተኝ። ለሁለት ወር ብዬ አንድ ትልቅ ቢራ ቤት ገባሁ። ሁለት ዓመት ሆነኝ።

የምሠራው ከመሬት በታች ነው። ሃያ አራት በርሜል በግድግዳው ዙሪያ ይቆማል። ብርድ ስለሆነ በጋም ካፖርት ለብሼ ነው የምውለው። ያለቀውን እፈታለሁ፣ የሞላውን እገጥማለሁ፣ በየሁለት ሳምንቱ ሰኞ ቧንቧዎቹን በመድኃኒት አጥባለሁ። ላይ ያሉት ሰዎች ብርጭቆ ሲያጋጩ ጣሪያው ውስጥ ይሰማኛል። ለእናንተ «ቤተ ሙከራ ነበርኩ» የምላችሁ ያኔ ነው። መድኃኒት ስላለ ግማሽ ውሸት ብቻ ነው እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝን ደግሞ ልንገርዎ፤ ሥራውን እወደዋለሁ። አንድ በርሜል ስገጥም ጋዙ «ጥስስ» ብሎ ሲይዝ፣ በድምፁ ብቻ የቱ ጎማ እንደሚያፈስ አውቃለሁ።

ይኸው አወጣሁት። ጋሼ፣ እርስዎስ የሚነግሩኝ ነገር የለም? ጽሕፈትዎን ካየሁ ሦስት ወር አለፈኝ። የትኛውም መነጽር ሠሪ ይህን ያህል አይፈጅበትም።

ሲገጥሙት በሲሊንደሩ መለኪያ ላይ ግፊቱን ከአንድ በታች ያድርጉት። የአውቶቡስ ፍሬን አይደለም፤ ቢራ ነው።

ቢቆጡኝም የእርስዎው ነኝ።
ልጅዎ

የካቲት 20

ለልጄ፤

እንደምታዪው ይህ የራሴ ጽሕፈት ነው። መስመሩ እንደ ሰከረ ሰው የሚሄደው እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። ሦስት ጠዋት ፈጀብኝ። እትዬ «ልጻፍልህ» ስትል እምቢ አልኳት። ስኳሩም እንዲያ ነው የሆነው፤ ሙቀት አልነበረም።

ምን እንዳስፈራኝ ልንገርሽ። ጋራዥ አብሮኝ የሠራ ሰው እንዲህ ጀመረውና በአራተኛ ዓመቱ በማንኪያ የሚያጎርሰው ሰው ፈለገ። ሐኪሙ ስሙን ከጠራው እውነት ይሆናል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። የስልሳ ስምንት ዓመት ሽማግሌ፣ እንደ ሕፃን ዓይኔን ከጨፈንኩ አያየኝም ብዬ!

አሁን ወዳንቺ። ከመሬት በታች መሥራትሽ አሳፈረሽ? እኔ ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ከአውቶቡስ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ነው። የሰው ጫማ እንጂ ፊት አላየሁም። አባትሽ ጥፍሩ ከቀለም ጠርቶ አያውቅም። አንቺ በድምፅ የሚያፈስ ጎማ ከለየሽ፣ በዚህ ቤት ከዚያ የሚበልጥ ምርቃት የለም። ስለ ቀብሩ ደግሞ ሁለተኛ እንዳታነሺው። በሕይወት ሳለ በየሳምንቱ ጽፈሽለታል፤ ሳይደክመው ሦስት ሦስት ጊዜ ያስነብበኝ ነበር። እትዬ ግን ተቆጥታሻለች። «ይህን ሁሉ ብቻዋን ተሸክማ!» አለችና ወጥ ቤት ገብታ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ሽንኩርት ነው አለች። የምትሠራው ግን ሻይ ነበር።

ስለዚህ እንዋዋል። ሥራውን ከወደድሽው ከሥሩ ተማሪው። ባለሽበት አገር ቢራ ጠመቃ የሚያስተምር ቤት አይጠፋም። አንቺ የተመዘገብሽ ቀን እኔ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ።

በርሜሉን ገጠምኩት። ማቀዝቀዣው ውስጥ እንዲገባ መደርደሪያዎቹን አወጣሁ፤ የእትዬ ጎመን መስኮት ላይ ነው የሚያድረው፤ ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ሰላም የለም። ግፊቱን ከአንድ በታች ብለሽኝ ነበር። እኔ ደግሞ አንድ ለመኪና ጎማ እንኳ አይበቃም ብዬ አራት ላይ አደረስኩት። የስንዝር ቱቦ ቀጠልኩና ከፈትኩ። ቢራ አልመጣም፤ አረፋ ነው የመጣው። ብርጭቆው ሞላ፣ ጆጉ ሞላ፣ ባልዲው ሞላ። እትዬ በሩ ላይ ቆማ «ልብስ ላምጣና አብረን እንጠበው?» አለችኝ። ምን ላድርግ?

ጋሼሽ

መጋቢት 9

ለጋሼ፣ ለእትዬ፣ መስኮት ላይ ላለው ጎመንም፤

ሰላምና ጤና ለሁላችሁ። ደብዳቤዎን ምድር ቤት፣ በርሜል ላይ ተቀምጬ ነው ያነበብኩት። እንዲህ የሳቅሁበትን ቀን አላስታውስም። ማልቀሴን አልጽፍም።

በመጀመሪያ አረፋው። ጋዙን ዘግተው፣ ክዳኑ ላይ ያለችውን ቀለበት ስበው የታመቀውን ሁሉ ያስተንፍሱት። ከዚያ እንደገና ይክፈቱና ከአንድ በታች ላይ ያቁሙት። አሁን በእውነት ከአንድ በታች! አንድ ሳምንት ብርድ ውስጥ ይተዉት። ቱቦው የስንዝር ሳይሆን ሦስት ሜትር ይሁን፣ ቀጭን፤ ጠምዝዘው እዚያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡት። ቢራው በዚያ ረጅም መንገድ ሲጓዝ ይደክመዋል፤ ሲደርስ ጨዋ ሆኖ ይደርሳል። ቧንቧውን ደግሞ በግማሽ አይክፈቱ፣ አንዴ እስከ መጨረሻው ይክፈቱት።

ልብስ ሰፊዋ እግሯ ደረጃ እንደማያስወርዳት አውቃለሁ። ለእሷ ጠርሙሱን በርሜሉ አጠገብ ያቀዝቅዙ፤ ከቧንቧው አፍ ላይ ትንሽ ቱቦ ሰክተው እስከ ጠርሙሱ ወለል ያስገቡና ቀስ ብለው ይሙሉት። አረፋው አፉ ላይ እንደደረሰ ወዲያው ይክደኑት። በዚያው ቀን ከጠጣችው ጋዙ አይሞትም። ጠርሙስና በርሜል እንዲህ ይታረቃሉ፤ ስኳር በማንኪያ የለም፣ የሚፈነዳም የለም።

ሁለተኛ፣ አለቃዬን አነጋገርኳት። ይህን ምድር ቤት ሃያ ዓመት ያስተዳደረች፣ ስታወራ በርሜል የምትደበድብ ሴት ናት። «እኔስ መቼ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ሁለት ዓመት ጠበቅሁሽ» አለችኝ። ሁለት ዓመት የሚፈጅ የጠመቃ ሥልጠና አለ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ትምህርት፣ ሦስት ቀን እዚሁ ሥራ። የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ቅጹን ትናንት ሞልቼ በእጄ አስገብቻለሁ፤ ማኅተም ያረፈበትን ግልባጭ ከዚህ ጋር ይመልከቱ።

ስለዚህ ጋሼ፣ ጃኬትዎን ይልበሱ። ቀጠሮውን እትዬ ይያዙ።

የእርስዎው፣
ተመዝጋቢዋ

ሚያዝያ 29

ለጠማቂዋ ልጄ፤

ያሰብሽው ሁሉ ይሙላልሽ። ይህንንም በራሴ እጅ ነው የጻፍኩት፤ በሁለት ጠዋት አለቀ። መድኃኒት እየወሰድኩ ነው።

ሐኪሟ በጣቴ አፍንጫዬን አስነካችኝ፤ ወረቀት ላይ ጥምዝ መስመር አሠራችኝ፤ እንደ ተማሪ ወዲያ ወዲህ አስኬደችኝ። ከዚያ «አባቴ፣ ቢራ ሲጠጡ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል?» አለችኝ። እትዬን አየኋት። እትዬ ጣሪያውን ታያለች። «ትንሽ ይቀንሳል» አልኩ። ሐኪሟ ሳቀችና «እንግዲያውስ የፈሩት አይደለም» አለች። በዕድሜ የሚመጣ፣ በዘርም የሚወርድ የእጅ መንቀጥቀጥ ነው አለችኝ። አይገድልም፣ አይድንም፤ በመድኃኒት ይረግባል። «ቢራው ግን መድኃኒቱ አይደለም» ብላ እጇን አወዛወዘችብኝ። ከዚያ ወጥተን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እትዬ እጄን ይዛ አልለቀቀችም፤ አውቶቡስ ሦስት ጊዜ አለፈን።

አሁን ስለ ቅዳሜ ልንገርሽ። ቱቦውን ሦስት ሜትር አደረግሁ፣ ግፊቱንም ላንቺ ስል ዝቅ አደረግሁ። እትዬ ሳትነግረኝ ጋራዥ ድረስ ሄዳ «ቅዳሜ ከሰዓት ድራፍት አለ» ብላ ለፍፋ መጣች። አሥራ አራት ሰው መጣ። ወንበር አልበቃንም፤ ሁለቱ የሽንኩርቱ ሳጥን ላይ ተቀመጡ። «ቁልቁለት» የምንለው ሾፌር ትዝ ይልሻል? ያ ዳገቱን ሲወርድ ተሳፋሪው ሁሉ «ቁልቁለት፣ ቁልቁለት» እያለ የሚያዜምለት? እሱም መጣ፤ ፀጉሩ ጥጥ ሆኗል።

ቧንቧው አጠገብ ቆምኩና እጄ ጀመረ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ቧንቧውን አንዴ ሙሉ ከፈትኩት፤ ይህስ ጥሩ ነበር፣ ቢራው እንዳልሽው ጨዋ ሆኖ ወረደ። ብርጭቆውን ለማቀበል ሳነሳ ግን ግማሹ እጅጌዬ ላይ ፈሰሰ። እትዬ ልትነሳ ስትል ቁልቁለት ቀደማት። መጥቶ ብርጭቆውን ከነእጄ ያዘው።

«ስማ» አለኝ፣ «ሃያ ሁለት ዓመት ስልሳ ሰው ጭኜ ያንን ቁልቁለት ስወርድ ሕይወቴን የጣልኩት በዚህ እጅ ላይ ነው። አንድም ቀን ፍሬን አልከዳኝም። ዛሬ ቢራ ስለፈሰሰ ነው አንገትህን የምትደፋው?»

«እጅጌዬ ነው የረጠበው» አልኩ።

«ጭመቀውና ለእኔ ስጠኝ» አለ አንዱ ከኋላ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ማንም አላየኝም፤ ማለቴ፣ እጄን ማንም አላየውም። ሰው ሁሉ ብርጭቆውን ራሱ እያመጣ ቧንቧው ሥር ያስቀምጣል፣ እኔ እከፍታለሁ፣ እሱ ያነሳል። ለልብስ ሰፊዋ እንዳልሽኝ ጠርሙስ ሞላሁና ቁልቁለት ሦስት ፎቅ ወጥቶ ሰጣት። ቶሎ አልተመለሰም። አሁን በየቀኑ ሱሪ ጠበበኝ፣ ሱሪ ሰፋኝ እያለ ይመላለሳል።

በርሜሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ባዶ ሆነ። ማንም ግን አልሄደም። ደረቅ ብርጭቆ ይዘው አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጡ። ሁለተኛው በርሜል ሰኔ መጨረሻ ላይ ይደርሳል።

ያንቺስ ቅጽ ምን ደረሰ? አትደብቂኝ፤ እምቢም ቢሉሽ ንገሪኝ።

ጋሼሽ

ሰኔ 13

ለጋሼ፣ ለእትዬ፣ ለቁልቁለትና ለሱሪው፤

ደስታ ከቤታችሁ አይጉደል። እምቢ አላሉኝም። ትምህርቱ የሚጀመረው መስከረም ላይ ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ «ግፊቱ ሲበዛ ምን ይሆናል?» ብለው ጠየቁኝ። ስለ ስንዝሩ ቱቦና ስለ ባልዲው ነገርኳቸው። ከፈታኞቹ አንዱ ጠረጴዛውን ይዞ ሳቀ። «እኚህ ሰው አሁን ደህና ናቸው?» አለኝ። «አሁን ሦስት ሜትር ደርሰዋል» አልኩት።

ሁለተኛው ወሬዬ ይህ ነው። ዘንድሮ እንደገና ያስገባሁት የመኖሪያ ፈቃዴ ታድሶ ወጣ። ወጥቼ መመለስ እችላለሁ። አለቃዬ የሦስት ሳምንት ፈቃድ ሰጥታኛለች፤ ትኬቴን ቆርጫለሁ። ሐምሌ 2 ከሰዓት በኋላ እደርሳለሁ። ማንም እንዳይቀበለኝ፤ ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ቤት በእግሬ መምጣት እፈልጋለሁ። በመጀመሪያ ደግሞ አባዬ ጋ እሄዳለሁ። ብቻዬን፣ ካልተቀየማችሁ። ከዚያ ቤት እመጣለሁ።

እትዬ፣ ቀሚሱን ያሰፉት። ምርቃት ባይኖርም ፎቶ እንነሳለን፤ እኔ ካፖርቴን እለብሳለሁ።

ጋሼ፣ እርስዎን የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለተኛው በርሜል ሲያልቅ ክዳኑን ከፍተው ማጠብ እንዳይጀምሩ። ጎማዎቹን እንዳይነኩ፣ ቱቦውን እንዳይፈቱ። ሲጠጣ እንደዋለ፣ እንደቆሸሸ ይተዉልኝ። እኔ መጥቼ እጠበዋለሁ።

ልጅዎ